ለየሺ የተቆላ ገብስ

ጎረቤት ገብስ በተቆላ ቁጥር ሽታው በመስኮቴ ይገባል። ሌላው ሰው ምራቁን ሲውጥ እኔ መስኮቱን እዘጋለሁ። ተወልጄ ባደግሁበት፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ደጋ፣ ገብስ የእህል ንጉሥ ነበር፤ ታናሽ እህቴን የሺን የገደላት እሱ መሆኑን ያወቅሁት ግን አግብቼ ከወለድሁ በኋላ ነው።

በክረምት፣ ጉም ደጃችንን ሲያለብሰው፣ የሰባት ዓመቷ የሺ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ እግሯ ቀጥኖ ምድጃ ሥር ትቀመጥ ነበር። አባቴ ለአረም ይዟት ወጥቶ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቁጭ ስትልበት «ይቺ ልግመኛ! ስትበላ እንጂ ስትሠራ አትታይም» እያለ ይቆጣ ነበር። እናቴ ደግሞ አቅም ያነሳት መስሏት፣ ገብሱን ቆልታ፣ ፈጭታ፣ በሶውን ለእኛ ባልተረፈ ማር በጥብጣ፣ «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ገብስ አጥንት ይጠግናል» እያለች ትሰጣት ነበር። የሺ ግማሹን ሳትጨርስ ወደ ጓሮ ትሮጣለች፤ ሕመሙ በጠና ቁጥር በሶው ይጨመርላት ነበር። ጸበልም ወሰድናት፤ ስንመለስ ስንቃችን ያው በሶ ነበር።

በበጋው፣ እህል ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከወግዲ ወዲያ ቆላ የምትኖረው የአባቴ እህት መጥታ ወሰደቻት። እዚያ የሚበላው ጤፍና ማሽላ ነው። ለፋሲካ ስትመለስ ጉንጯ ሞልቶ፣ ውሃ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ መንደሩ ጉድ አለ፤ አባቴም ልግመኛ ማለቱን ተወ። የእናቴ ደስታ ግን ብዙ አልቆየም፤ ምንጭ የወረዱ ሴቶች «ከእናቷ ቤት ምን ቢኖር ነው እንዲያ የሚያከሳት?» ማለታቸውን ሰማች። አፋቸውን ለማስያዝ ይመስል በዚያው ዕለት በቅቤ የራሰ ገንፎ ሠርታ፣ አጠገቧ ተቀምጣ ቁልቁል እያየቻት አስጨረሰቻት። ገንፎው የገብስ ነበር።

በልጉ ሳይወጣ አገረሸባት። አንድ ቀን ሆዷን ይዛ «የአክስቴ ቤት እንጀራ አያመኝም፤ እሱን ስጡኝ» አለች። ልጅቱ አውቃው ነበር፤ ያልሰማናት እኛ ነን። ጤፍ በቤታችን ለገበያና ለእንግዳ እንጂ ለልጅ ስለማይጋገር፣ አባቴ «የጤፍ አፍ አውጥታ መጣች» ብሎ ሳቀ። አክስቴ ወሬውን ሰምታ ልትወስዳት አህያ ይዛ ብትመጣም፣ እናቴ በር ላይ ቆማ «ልጅ ማሳደግ አቅቷት ለሰው ሰጠች ልባል? ወላሂ አይሆንም!» ብላ ባዶ እጇን ሰደደቻት። ክረምት ሲገባ የሺ መብላት እምቢ አለች፤ ከዚያ ወዲያ ጭንቅላቷን ደግፌ የገብሱን አጥሚት በማንኪያ የማጎርሳት እኔ ነበርሁ። ጥርሷን ስትነክስብኝ አፍንጫዋን እይዝ ነበር። ለመስቀል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቀበርናት።

ዛሬ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ መምህርት ነኝ። የራሴ ልጅ ሆዷ ሲነፋ ደሴ ወስጃት፣ ሐኪሙ ሴሊያክ የሚባል በሽታ መሆኑን፣ ስንዴና ገብስ አንጀቷን እንደሚጎዱት፣ ዕድሜዋን ሙሉ መቅመስ እንደሌለባት ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ዘበኝነት ሆነ። ስንዴ ያስፈጨ ሰው ተከትዬ ጤፌን ስለማላስፈጭ ወፍጮ ቤት ተራ እያሳለፍሁ እቆማለሁ፣ ክፍለ ጊዜ እያመለጠኝ ከርእሰ መምህሩ ጋር እጋጫለሁ፣ ክርስትና ቤት ዳቦ ከልጄ እጅ ስነጥቅ «ናቀችን» የሚል ዓይን ይከተለኛል። ይሁን፤ ልጄ ትሮጣለች።

እናቴ አሁን የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። አንድ እሁድ ልጄ ገመድ ስትዘል ስታያት ቆየችና፣ ነጠላዋን ጨምድዳ ይዛ «ይኼ የልጅሽ ሕመም... የሺንም የያዛት እሱ ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

«አይደለም እማ፤ ይኼ የዛሬ ልጆች በሽታ ነው፣ ያኔ አልነበረም» አልኋት።

«ተመስገን» ብላ በረዥሙ ተነፈሰች። ያኔ ሁላችንም ባለማወቅ አንድ ላይ ተሳስተን ነበር፤ ዛሬ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እናቴ በሕይወት እስካለች ድረስም ከእኔ አይወጣም።