ኮረብታው ላይ የተተከለው ፓውዛ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊያችን ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎቶ አሳዩኝ። ከዋክብቱ ነጥብ ነጥብ ይላሉ፤ በመሃላቸው ቀጭን ነጭ መስመር ያልፋል።

"ይህ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"አውሮፕላን" አልኩ።

"ቆሻሻ ነው" አሉ ሳይስቁ። "ሳተላይት ሰማይ ያደረሰ ሮኬት ቅሪት። አንተ የተቀጠርከው ይህን ልትጠብቅ ነው።"

ማታ ለእናቴ ስነግራት "ተምረህ ተምረህ የቆሻሻ ዘበኛ ሆንክ?" አለችኝ።

ጣቢያችን ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ የጨፋን ሜዳ ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነበር። አንዲት ክፍልና ጣሪያው የሚከፈት ቤት፣ ውስጡ ቴሌስኮፕና ካሜራ። ሥራው የሚጀምረው ከመግሪብ በኋላ ነው። መሬት ሲጨልም እላይ ላለው ብረት ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ያበራል። ያኔ ፎቶ አንስቶ፣ የመስመሩን ሁለት ጫፎች ከከዋክብቱ አንጻር ለክቶ ወደ አዲስ አበባ መላክ ነው። ዝቅ ብሎ የሚዞረውን አየር ስለሚጎትተው ጥቂት ቀን ካልታየ የት እንደደረሰ ይጠፋል።

ከረዳትነት ወደ ቴክኒሻንነት ሳድግ እንድከታተለው አንድ ትልቅ የሮኬት ቅሪት ተሰጠኝ። እየወረደ ነበር። የሚወድቅበትን ለማስላት ከእኛ በኩል የሚላክ ልኬት ይፈለጋል፤ በእኛ ላይ የሚያልፈው ደግሞ ሲመሽ ብቻ ነው።

"ይህ ከጠፋብን ጣቢያው ይዘጋል" አሉኝ ኃላፊያችን። አዲስ አበባ ሲመለሱ አደራው እኔ ላይ ቀረ። እንደ ታማሚ አስታመምኩት።

በዚያው ሰሞን ሌባ የጣቢያውን የኤሌክትሪክ ገመድ ቆርጦ ወሰደ። ገመዱን ተካን፤ ወሬው ግን ገበያ ደረሰ። ሽማግሌዎች ጣቢያውን ከሌባ ለመጠበቅ ተመካከሩ። አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ፣ የአካባቢው አባት ሸህ ይማም ከፊት ሆነው፣ ሕዝቡ ኮረብታውን ወጣ። አይሱዙ ከኋላ ይከተላል። እንደ አገራችን ወግ መጀመሪያ ዱዓ ተደረገ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ፤ አጥር ያመጡልን መስሎኝ። ከዚያ ከአይሱዙው ምሰሶና የበር ያህል ፓውዛ መብራት አወረዱ።

"ሸህ፣ እኛ የምንሠራው በጨለማ ነው። ይህ ከበራ ካሜራው ምንም አያይም።"

"አብሽር ልጄ፣ አሁን እስኪጠግብ ያያል።"

ደግሜ አስረዳኋቸው። ሲገባቸው ፊታቸው ጠቆረ። "ዱዓ የተደረገበትን፣ አንተም አሚን ያልክበትን እንዴት አድርጌ ላንሣው?" አሉኝ።

የዚያን ቀን ፎቶ ወተት መሰለ። ቆርቆሮ ጋርጄ ሞከርኩ፤ የሜዳው አቧራ ብርሃኑን እያነሣ መለሰው። ሸህ ይማምን ለምኜ ቅሪቱ በሚያልፍባት ሰዓት ብቻ ማጥፋት ጀመርኩ። ልኬቱ እንደገና መጣ፤ ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከኮረብታው ሥር የምትኖር ዘሃራ የምትባል እናት መጣች።

"ወላሂ ላንተ ክፉ አላስብም" አለች። "ግን ልጄ ከከሰዓቱ የትምህርት ፈረቃ የምትመለሰው በዚያች ሰዓት ነው። ትናንት ጅብ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ሰው ደርሶ ነው የተረፈችው። መብራቱ ቢኖር አይወጣም ነበር። ጅቡን አንተ ትመልስልኛለህ?"

ማጥፊያውን ከዚያ በኋላ አልነካሁትም።

ኃላፊያችን ደወሉ። "የምትልከው ምንድን ነው?"

"ብርሃን ነው።"

"አጥፋው።"

"አልችልም።"

"ማን ከለከለህ?"

"ማንም።"

ቅሪቱ ጠፋብን። ባሕር ላይ መውደቁን እንደማንም ሰው ከሬዲዮ ሰማሁ። ቴሌስኮፑን አሽገው ወሰዱት፤ መጋዘን ውስጥ ነው ይላሉ። እኔ ከሚሴ ሞባይል እጠግናለሁ። ቢያንስ የምጠላው ሰው ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ሸህ ይማም ሲያገኙኝ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ የዘሃራ ልጅ ሰላም ብላኝ ታልፋለች። እኔ ግን ሰማይ ማየት አቁሜያለሁ።

ወደዚህ ሙያ ለምትመጡ ይህን እላለሁ። ሥራችን ጨለማ ይፈልጋል፤ ሰው መብራት ይፈልጋል፤ ሰው ልክ ነው። ሰው ባለበት ቴሌስኮፕ አትትከሉ።