የሰርጉ ሲዲና የጉለይሉ ቴሌቪዥን

ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር ውስጥ ለጁምዓ ማረፊያ በጋራ የተከራየናት ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ አሮጌ ቴሌቪዥን ነበረን። ሰዎች በራቸው ላይ ጥለውት አግኝተን እያቃሰትን ነው ያመጣነው። ምስሉ ምንም አይልም፤ ጀርባው ላይ ግን ከአንቴና ቀዳዳ በቀር ሌላ መሰኪያ የለውም።

ሩዋይስ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ ከእኛ ጋር ነበረች፤ የልብ ጓደኛዬ ናት። ያኔ እናቷ ስልክ ላይ መምጣት ካቆሙ ሰንብተዋል። ስትደውል አንዴ ገበያ ወጥተዋል፣ አንዴ ዚያራ ሄደዋል፣ አንዴ ተኝተዋል ይሏታል። የአገራችን ሰው መቼም ለስደተኛ ሞት አይነግርም፤ በሰው አገር ብቻዋን አትቃጠል ብሎ ይደብቃል። እሷም ይህን ስለምታውቅ እህል ከአፏ አልገባ አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። እኔም ብሆን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በልቤ እኚህ ሴትዮ አልፈዋል ብዬ ነበር።

በዚህ መሃል የወንድሟ ሰርግ የተቀረጸበት ሲዲ በሰው እጅ መጣላት። ሰርጉ የተደረገው እናቷ ከስልክ ከጠፉ በኋላ ነው። በሕይወት ካሉ እዚያ ውስጥ አሉ፤ በልጇ ሰርግ ላይ የማትታይ እናት የት አለች? ሮጠን አዲስ ማጫወቻ ገዛን። ባለ ቀለሙን ገመድ ግን የት እንሰካው? ሲዲውን ደረቷ ላይ አድርጋ ቁጭ ስትል አንጀቴን በላችው።

መካ ተወልዳ ያደገች ዘመድ አለችኝ። ደውዬ ብነግራት ሳቀችብኝ። የድሮውን የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ መሃል አስገቡት፣ አዲሱን ከእሱ፣ እሱን በአንቴናው በኩል ከቴሌቪዥኑ፣ ኸላስ፣ አለቀ አለችኝ። የራሷን ይዛ ልትመጣ ተስማማን። ከቀትር በፊት ወደየአሠሪ መዳማችን ቤት ስለምንመለስ ጁምዓ ጠዋት፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ ቀጠርኳት። ክፉም ከሆነ ጓደኛዬ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ የጎረቤት ሴቶችንም ሳልነግራት ጠራሁ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ መሆኑን ጨርሼ ረሳሁት። በሩ ሲንኳኳ የከፈተችው ጓደኛዬ ናት። ሴቶቹ ጥቁር ዓባያቸውን ለብሰው ዝም ብለው ተደርድረዋል። ጅዳ ውስጥ ጥቁር የማይለብስ የለም፣ ግን ይህን ያኔ ማን ያስባል? ደረቷን እየደቃች እናቴን ብላ ወለሉ ላይ ተዘረረች።

ዘመዴ በጨርቅ የተጠቀለለውን ማጫወቻ እንደታቀፈች ደርቃ ቀረች።

"ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ቪዲዮ ነው ያመጣሁት" አለች።

ማን ይስማት። ጓደኛዬን ስናባብላት ባሰባት፤ ራሴን እየረገምኩ ተነስቼ መሰካት ጀመርኩ። ቢጫውን ከቢጫ፣ ነጩን ከነጭ፣ የአንቴናውን ገመድ ከቴሌቪዥኑ። ዘመዴ ጣቢያውን ቀስ እያለች ስትፈልግ መጀመሪያ ጩኸት ብቻ ነበር፤ ከዚያ እልልታ መጣ፤ ቀጥሎ ድንኳኑ ወለል አለ። ለቅሶው ቀጥ አለ።

ካሜራው እንግዳ ሁሉ ሲበላ ያሳያል፤ እናት የሉም። ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ጓደኛዬ የእጄን ጣቶች ጨምድዳ ይዛለች። ካሜራው ወደ ቤት ሲገባ እናቷ ግድግዳ ተደግፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ሙሽራው ጉልበታቸውን ስሞ መርቂኝ አላቸው። ዝም ብለው ያዩታል። ጆሯቸው ሥር ገብቶ ጮኸ፤ እሳቸውም መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ዘንበል አሉ። እንደገና ሲጮህ ነው ገብቷቸው እጃቸውን ለዱዓ ያነሱት።

ጓደኛዬ እየተንፏቀቀች ሄዳ የቴሌቪዥኑን መስተዋት በእጇ ዳበሰችው።

"ጆሮዋ ነው እንጂ እሷስ አለች" አለች። "አልሐምዱሊላህ፣ እናቴ ደንቁራለች።"

እኛም ሁላችን ተቀብለን አላህን አመሰገንን።