ዘይት የተቀባው ሰርቨር

ዘመነች ሰርቨር ከሞት አስነሳች ተብሏል። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ የሚጠብቅ ሁሉ ያወራዋል፤ ተንበርክካ፣ ግንባሯን መሬት አስነክታ፣ ማሽኑ እስኪነሳ ጸለየች። አንዳንዱማ በልሳን ስትናገር ሰምቷታል።

ውሸት ነው። የተንበረከከችው ሰርቨሩ ጠረጴዛ ሥር ስለሆነ ነው። ልሳን የተባለውም አፏን ቆሎ ሞልታ ስታጉረመርም ነው።

ዘመነች አዘቦቱን የአንድ ኮሌጅ ሰርቨር ትጠብቃለች፣ ቅዳሜ ደግሞ የቤተክርስቲያኗን በነፃ። ማሽኑ ዩኒክስ ነው፤ ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ በጽሑፍ ብቻ ነው የሚያናግር። የመዘምራኑን የአሥራ አንድ ዓመት ቅጂ በሁለት ዲስክ ይይዛል። አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ሐሙስ ዕለት አንዱ ሞተ።

ሥራው ቀላል ነበር፤ የሞተውን ነቅሎ አዲስ መሰካት። ደህነኛውን በስህተት ከነቀለች ግን ዝማሬው ሊበላሽ ይችላል፤ ሌላ ቅጂ የለም። ለዚህ ብላ ቆርቆሮው ላይ፣ በየዲስኩ ፊት፣ በእስክሪብቶ ቁጥር ጽፋ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ስታይ ቁጥሩ ሟሙቶ ወርዷል፣ ማሽኑ ያብረቀርቃል።

«ጋሼ፣ ምን አድርገውት ነው?» አለች የቤተክርስቲያኗን ሽማግሌ ጋሽ ማርቆስን።

«ዘይት ቀባሁት። ታሟል አላልሽም?»

«የታመመው እኮ ዲስኩ ነው፤ እርስዎ ቆርቆሮውን ቀቡት።»

«ዋጋነሽ እዚያ ውስጥ ናት፣ ዘሙዬ።»

ዋጋነሽ ሚስታቸው ናት፤ ካረፈች ሁለት ዓመቷ። ለብቻዋ የዘመረችው እዚያ ብቻ ነው ያለው። ዘመነች አፏን ቆሎ ሞላችና ወደ ማሽኑ ዞረች።

ደህነኛውን ዲስክ ያለ ዕረፍት የሚያስነብብ ትእዛዝ ጻፈችና መሬት ተደፋች። ከሁለቱ ዲስኮች፣ ፊቱ ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ብልጭ የምትለው በሕይወት ያለው ነው። ከኋላዋ የቆሙት ወጣቶች ጸሎት ጀመሩ።

«ጸጥ በሉ፣ ልይበት።»

የግራው ብልጭ አለ። ቀኙን ነቀለችው። ጋሽ ማርቆስ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ማሽኑ ምንም አልመሰለውም።

አዲሱ ዲስክ ሁሉንም ገልብጦ ሲጨርስ አሥር ሰዓት ሆነ። ለማረጋገጥ ዋጋነሽን ከፈተቻት፤ እንደ ልማዷ የኪቦርዱን ዜማ ቀድማ ትሮጣለች። ጋሽ ማርቆስ ሦስት ጊዜ አስደገሙ።

እሑድ ጋሽ ማርቆስ መሰከሩ፤ አዳራሹ በሃሌሉያ ተናወጠ። ማይኩን ለዘመነች ሰጧት።

«የቀረው አሮጌ ዲስክ» አለች፣ «ከሞተው ጋር ባንድ ቀን ነው የተገዛው፤ ተራው ደርሷል።»

አሜን የሚል ጠፋ።