የጓሳው ታሪክ ሲነበብ

የልጅ ልጄ መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ናት። የአገራችንን የጓሳ ታሪክ ጽፋ ጨረሰችና፣ ደብረ ብርሃን ማተሚያ ቤት ከመውሰዷ በፊት ስሕተት ካለው እንድናርምላት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሰበሰበችን። ወንዶቹ ድንጋዩ ላይ፣ እኛ ሴቶቹ መሬቱ ላይ ተቀመጥን።

ጓሳ ቤት የምንከድንበት፣ ገመድ የምንገምድበት ሣር ነው። በልጅነቴ አገሩ ተስማምቶ የሚበቅልበትን ተራራ ማንም እንዳያጭድ ለዓመታት ይዘጋው ነበር። ዝግ ሳለ ማጭድ ያስገባ ሰው የቤቱ ክዳን ይቃጠልበታል።

ልጅቱ አነበበች። ገጹ ሁሉ አንድ ሰው ነው፤ የጓሳው አለቃ። አለቃው ዘጋ፣ አለቃው ጠበቀ፣ አለቃው ከፈተ። አሁን እሱም የሸመገለው የአለቃው የልጅ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ በየመስመሩ ራሱን ይነቀንቃል።

መታገሥ አልቻልኩም።

«ቆይ እስቲ፣ ሰውዬው ስንት እግር ነበረው? ያን ሁሉ ተራራ ብቻውን ሲዞረው!»

ሴቶቹ ሳቁ።

«በጉምና በበረዶ ተራ እየገባ የጠበቀው አገሬው ነው። አባቴ ተራው ሲደርስ ደበሎውን ደርቦ ይወጣ ነበር። ባል የሞተባት ራሷ ትወጣ ነበር። እነሱ የት ገቡ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ የየቤቱ ሰው ይጻፍ ካልሽማ መጽሐፉን አህያም አይችለው!» አለ የአለቃው የልጅ ልጅ።

«የአያትህን ዝና የቻለ አህያ የእኛን ያቅተዋል?»

ልጅቱ ጣልቃ ገባች። «እማማ፣ ተራ ሰውም አለበት እኮ፤ ይስሙኝ።» ገለጥ ገለጥ አደረገችና አነበበች፦ «የጓሳው ሕግ ጽኑ ነበር። በአንድ ክረምት ዝግ ሣር ያጨደ አንድ ባና ሠሪ ቤቱ ተቃጥሎበታል።»

የባና ሠሪው ልጅ ከእኔ ሁለት ሰው አልፋ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች። ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው በተጋጨች ቁጥር «የሣር ሌባ ልጅ» ስትባል ኖራለች። አንድ ቀን ምንጭ ላይ በውሃ ተራ ተጣልተን እኔም ብያታለሁ፤ እውነቱን እያወቅሁ።

ሣሩን ያጨደችው እናቴ ናት። ክረምቱ ከፍቶ ነበር፤ እሷ አራስ ናት፤ ክዳናችን እያፈሰሰ ሕፃኑ ወንድሜ ላይ ይንጠባጠባል። አባቴ «ዝግ ነው፣ ታገሺ» ይላታል። አንድ ጠዋት ጉሙን ተገን አድርገን ወጣን። እሷ አጨደች፣ እኔ አንዱን ነዶ ተሸከምኩ፤ ከአሮጌው ክዳን ሥር ሰገሰገችውና ከውጭ አልታየም።

የታጨደው ሲታወቅ አውጫጭ ተጠራ። ጥፋተኛው እስኪገኝ ድረስ አገሬው አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ባና ሠሪው ግን አስቀድሞ ከበግ ጠጉር የሠራውን ባና ሊሸጥ ሞላሌ ገበያ ወርዷል። ሁሉ ተቀምጦ እሱ ብቻ ታጣ። «ባይሰርቅ ለምን ሸሸ?» ተባለ። እናቴ እጄን ጨብጣ ዝም አለች። ሰውየው ያልተሸጠውን ባና ተሸክሞ ሲመለስ ቤቱ ይጨሳል። ልጁን ለአክስቷ ትቶ ወደ ራቤል ተሰደደ፤ እዚያው ሞተ።

አሁን ተያዝኩ። እናቴ የተቀበረችው እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከተቀመጥኩበት መቃብሯ ይታየኛል። ልጅቱ በማግሥቱ በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ትሄዳለች። ዝም ብል ውሸቱ በቀለም ሊታተም ነው። ተራው ሰው ይጻፍ ብዬ የጮኽኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

«እሱ አይደለም» አልኩ።

«ምኑ እማማ?»

«ሣሩን ያጨደው። እናቴ ናት። ነዶውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።»

የሳቀ የለም። መጀመሪያ የተናገረው የአለቃው የልጅ ልጅ ነው። «ኧረ ተይ! ሙት አይከሰስም። እናትሽ እዚህ ተኝታ!»

«የእሷስ አባት የት ተኛ?» አልኩት። የባና ሠሪውን ልጅ አሳየሁት።

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አነሣች። እናቴ ለሷም ቅድመ አያቷ ናት። «እማማ… ስማቸውን ልጻፈው?»

«ጻፊው። የሱንም ጻፊ። ‹አንድ ባና ሠሪ› አይባልም፤ ስም አለው።»

የባና ሠሪው ልጅ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። የምትመታኝ መሰለኝ።

«ምንጭ ላይ ስትሰድቢኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረች። «የተቃጠለውን ቤት ጽፈሻል። ያልተቃጠለውንም ጻፊ። የማን ልጆች ዝናብ ሳይነካቸው እንደከረሙ ጻፊ።»

ልጅቱ ጻፈች።

«አንብቢው።»

አነበበች።

«ድገሚው፣ ወንዶቹም ይስሙ።»

ደገመችው። ሴትየዋ ነጠላዋን አጣፍታ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

መጽሐፉ በዚያው ቃል ታተመ። ዘመዶቼ እናትሽን አዋረድሽ ብለው ተቀይመውኛል። የባና ሠሪው ልጅም እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም፤ አልፈርድባትም። እሑድ እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ ስንገናኝ ግን እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ አሳልፋታለሁ።