ከአማቴ ሳህን የሚተርፈው

የሳምንቱን ምግብ የማቅደው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ መንገድ ላይ ነው። ወረቀት አልይዝም። ነጠላዬን እንደተከናነብኩ፣ የሰውን ሰላምታ በአንገቴ እየመለስኩ፣ በሆዴ ሰኞን ከማክሰኞ እያማረጥኩ እሄዳለሁ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆኑ አያስቸግሩም። ጭንቅላት የሚያዞሩት ሌሎቹ ናቸው። መርሳ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ አለችኝ። ከምግብ ሰዓት በቀር ጠዋት ከፍቼ እስኪመሽ እዚያው ስለምውል፣ ሳምንቱን አስቀድሜ ካልደረደርኩት ቤቴ በሽሮ ብቻ ይከርማል። ሽሮ ጠላቴ አይደለም፤ ግን ሰው በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር እየዋጠ እንዴት ይኖራል?

ሙያ አለኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ በልቶ ያፈረብኝ ሰው ካለ ይምጣ። ባሌ ሹፌር ነው፣ ደሴና ወልድያ ሲመላለስ ይውላል፤ ሲመጣ ደግሞ ሆቴል የበላውን ሁሉ እያጣፈጠ ይነግረኛል። እኔ እልኸኛ ነኝ። እሱ ደሴ ላይ ያደነቀውን እኔ በሳምንቱ መርሳ ላይ አስበልጬ ካልሠራሁት አይዋጥልኝም። ስልኬ ላይ የምግብ አሠራር የሚያሳዩ ሴቶችን እከታተላለሁ፤ እኔ ዘንድ የሌለ ዕቃ ሲጠሩ ሰደብ አደርጋቸውና በራሴ እተካለሁ። ምድጃቸው ውስጥ አስገብተው የሚጋግሩትን እኔ ብረት ድስት ከድኜ፣ ከላይ ፍም ደርድሬ ጋግሬዋለሁ። አንዳንዱ አልተሳካም። የተሳካው ግን ሰፈሩን ጉድ አሰኝቷል።

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ወደ እኛ የመጡት ባለቤታቸው ባረፉ በዓመቱ ነው። ጉባ ላፍቶ ደጋው ላይ ብቻቸውን መቅረታቸው ባሌን ስላንገበገበው ለምኖ፣ አስለምኖ አወረዳቸው። ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገብስና ባቄላ ሲያበቅሉ ኖረው፣ መጀመሪያ መርሳ ገበያ የወሰድኳቸው ቀን ቆመው ቀሩ። ግራና ከሚባለው ቆላ የመጣው ብርቱካን በየጆንያው ሞልቶ ፈስሷል፤ ማንጎው፣ ፓፓያው መሬት ላይ ተዘርግቷል። ያን ሁሉ ዘመን ከላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩት የኖሩት አገር ይህን ጉድ ታቅፎ መቀመጡን አለማወቃቸው ገረማቸው። አንድ ማንጎ አንስተው አገላብጠው አሸተቱት፤ መልሰውም እንደ እንቁላል በቀስታ አስቀመጡት። እኔም በየሳምንቱ ስጋፋበት የምውለውን ገበያ ያን ቀን ገና እንዳየሁት ሆኜ አየሁት። እውነትም የሚያስደንቅ ነበር።

ታዲያ ይህን የመሰለ ገበያ አጠገባቸው እያለ ሰውየው መክሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ሐዘኑ ነው አልን። ከዚያ ቆላው አልተስማማቸውም አልን። ወራት ሲገፉ ግን አንገታቸው ቀጠነ፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እየሾለከ መውደቅ ጀመረ፣ እስከ ግቢው በር ሄደው ሲመለሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ወልድያ ሐኪም ቤት ወስደናቸው ሁሉም ነገር ተመረመረ። በሽታ የለባቸውም ተባልን፤ ብቻ ይብሉ፣ ካልበሉ ግን ይህ ሰውነት ብዙ አይዘልቅም አሉን። ባሌ ሲመለስ መኪናውን ዳር አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እናቱን ቀብሮ ገና ዓመት ከምናምኑ ነበር።

እኔ አላለቀስኩም። ደሜ ነው የፈላው። እኔ ቤት ገብቶ ሰው በረሃብ ይሙት? በዚህ እጄ? የዚያን እሑድ ያቀድኩትን ሳምንት መቼም አልረሳውም። ሰኞ በቅቤ ያበደ ቂንጬ፣ ማክሰኞ ቋንጣ ፍርፍር፣ ረቡዕ የሱፍ ፍትፍት፣ ሐሙስ ከስልክ ያየሁት በአትክልት የተጠቀለለ ሥጋ። የደጋው ናፍቋቸው ይሆናል ብዬ ጭኮ አሸሁ፣ በሶ በጠበጥኩ። ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል የምትሠራ ጎረቤት አለችኝ፤ እሷም ውስጡ ብርቱካን የመሰለ ስኳር ድንችና ማሾ የሚሉትን አረንጓዴ ጥራጥሬ አምጥታ አሠራሩን አሳየችኝ። ሁሉንም ሞከርኩ።

አማቴ በየገበታው አመስግነው፣ መርቀው፣ ከዳር ከዳሩ ጥቂት ቆርሰው እጃቸውን ይሰበስባሉ። «ተባረኪ ልጄ፣ ጠገብኩ» ይላሉ። የሚገርመኝ ደግሞ ምግቡ በጣፈጠ ቁጥር የሚበሉት ማነሱ ነው። ሽሮ ሳቀርብ ትንሽ ይሻላል። ዶሮ የሠራሁ ቀን ብልቱን ሁሉ ወደ ሳህኑ ዳር ገፍተው፣ መረቁን ብቻ በእንጀራ ነካ ነካ አድርገው ተነሡ። ያን ቀን ክው ብዬ ቀረሁ። ከምሽቱ ጀምሬ የደከምኩበት ዶሮ ነው! እልህ ያዘኝና የተረፈውን እንዳለ ለጎረቤቴ ላኩት። ከዚያ በኋላም የሚያስተርፉትን ሁሉ መላክ ልማዴ ሆነ። ካልወደዱት እኔስ ለምን እበላዋለሁ ብዬ፣ ጓዳ ቆሜ የትናንት ሽሮ በቁራሽ እጨልፍ ነበር።

እዚህ ላይ የቤታችንን ሥርዓት ልናገር። ምራት አማቷ ፊት አትበላም። ከተሜ ነኝ፣ ነጋዴ ነኝ፣ ከወንድ ጋር ተከራክሬ ዕቃ አወርዳለሁ፤ በዚህ ነገር ግን እናቴ እንዳሳደገችኝ ነኝ። አማቴ ሲበሉ ውኃና ወጥ ይዤ ጎን እቆማለሁ፣ ያለቀውን እጨምራለሁ፣ ሲነሡ አስታጥባለሁ። የራሴን ጓዳ ገብቼ እበላለሁ። ባሌ አንዳንዴ ተቀመጪ እንጂ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ አባትህን እንዳከብር ተወኝ እለዋለሁ። እሳቸው እኔ ቤት በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንዲት ጉርሻ ስውጥ አይተውኝ የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር። በዚህም እኮራ ነበር።

አንድ ረቡዕ ማሾውን ከስኳር ድንቹ ጋር ወጥ ላድርገው ብዬ ተነሣሁ። ከማንም ያላየሁት፣ የራሴ ፈጠራ ነው። ድስቱን ጥጄ ለአንዲት ደንበኛ ስልክ መልስ ስሰጥ ጊዜው አለፈና ወጡ ከሥር አረረ፣ ከላይ ደግሞ እንደ ሙጫ ሆነ። ቀምሼው ፊቴ ተጨማደደ። የጾም ቀን ነው፣ ሌላ የተሠራ ነገር የለም፣ ዘጠኝ ሰዓት ደርሷል፣ አማቴም አሁን ሊበሉ ነው። ይህን ለሳቸው ከማቀርብ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ። በይ አልኩ ለራሴ፣ ያበላሸሁትን እኔው ልብላውና ሌላ ልሥራ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና፣ ድስቱን ጉልበቶቼ መሃል ይዤ፣ በንዴት እየቆረስኩ እጎርስ ጀመር።

ዞር ስል አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ውኃ ሊጠይቁ ነበር የመጡት። ዘልዬ ተነሣሁ፤ አፌ ሙሉ ነው፣ በነጠላዬ ሸፈንኩት፣ ላብ አጠመቀኝ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። «ብዪ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። እሳቸው ግን አልሄዱም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉና፣ እንዳላፍር ነው መሰል፣ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። ምን ላድርግ፣ ተቀመጥኩ። ዋጥኩ። ሌላም ጎረስኩ። እሳቸው ዶሮዎቹን ያያሉ። ቆይተው ሳይዞሩ ጠገብሽ ወይ አሉኝ። ጠግቤያለሁ አልኩ፤ እውነትም ነበር።

«እንግዲያው ስጪኝ።»

ያረረ ነው፣ ተበላሽቷል፣ አሁን ሌላ እሠራለሁ ብዬ ብለማመጥ አልሰሙኝም። ራሳቸው ታጥበው ድስቱን ተቀበሉና በሉ። ኧረ እንዴት ያለ አበላል ነው! ትከሻቸው እየተነሣ እየወረደ፣ ግንባራቸው ወዝቶ፣ የተለጠፈውን በእንጀራ እየፋቁ፣ ድስቱ ጥቁር ብረቱ እስኪታይ በሉ። አፌን ይዤ ቆምኩ። ያን ሁሉ ወር አልበላ ያለኝ ሰው እፊቴ ቁጭ ብሎ እየበላ ነው፤ የሚበላው ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ከሠራሁት ሁሉ የከፋውን ነው።

ጣፈጠዎት ወይ አልኳቸው።

«ኧረ አይጣፍጥም» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዝግ ባለው ድምፃቸው ነገሩኝ።

ወጣት ጎጆ ወጪ ሳሉ አንድ ክፉ ዓመት መጣ። ሚስታቸው ያለውን ሁሉ ታቀርብላቸዋለች፤ እሳቸው አርሰው ቆፍረው የሚገቡ ጎበዝ ናቸውና ጠርገው ይበሉታል። አንቺስ ሲሏት ጓዳ በልቻለሁ ትላቸዋለች። አንድ ቀን ጠፍር ፍለጋ ጓዳ ቢገቡ ባዶውን ድስት በጣቷ ስትጠርግ፣ ጣቷን ስትልስ፣ ላዩ ላይ ውኃ ስትጠጣበት አገኟት። ነፍሰ ጡር ነበረች። በሆዷ የነበረው አሁን የኔ ባል የሆነው ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ እስክትቀበር ድረስ ከአንድ ሳህን በሉ፤ እሷ እጇን ካልዘረጋች እሳቸው አይዘረጉም።

«እዚህ ስመጣ አንቺ ገበታ ቀርበሽ ስትበዪ አይቼሽ አላውቅም» አሉኝ። «ለሷ እንደማስተርፈው ላንቺ አስተረፍኩ። መልካሙን ለይቼ በዳር አደርጋለሁ። ከግቢ ሆኜ ሳይ ግን ለጎረቤት ይሄዳል፣ አንቺ ቆመሽ ቁራሽ ትበያለሽ። አንሷት ነው እንጂ ይህን ያህል ሙያ ያላት ልጅ ለምን ቁራሽ ትበላለች አልኩና፣ ጨምሬ ተውኩ።»

በልቤ ያ ዶሮ ታየኝ፣ ወደ ሳህኑ ዳር የተገፋው ብልት ሁሉ። ሊሞቱ ነው ስንል፣ ሰውየው ለካ እኔን እያበሉ ነበር። እኔ በማክበር፣ እሳቸው በማዘን፣ አንድ ቤት ውስጥ ስንተላለፍ ኖረናል። ብዙ ሰው አይቻለሁ፣ ለጋሽም ቸርም የሚባል አውቃለሁ፤ እንደዚህ ያለ ሰው ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሳቸው ተይ ተይ አሉኝ፣ አፍረው።

በማግስቱ ሐሙስ ሳህኑን መሃል አስቀምጬ፣ ታጥቤ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። እናቴ ከመቃብር ተነሥታ የምታየኝ መሰለኝ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ጠበቁኝ። የመጀመሪያውን ጎረስኩ፣ ዋጥኩ። ያኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። ቋንጣ ፍርፍር ነበር፤ እሳቸው ከኔ እኩል፣ ኋላም ከኔ በላይ በሉ። ባሌ ማታ መጥቶ ስነግረው አላመነኝም። በሚቀጥለው ቀን መኪናውን አቁሞ ቤት ውሎ፣ በዓይኑ አይቶ፣ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ቆመ።

እንዲህ እየበላን ሳለ ነው አንድ ቀን ከምግብ የምወደው ምን እንደሆነ የጠየቁኝ። እሳቸው የሚወዱትን፣ ባሌ የሚወደውን፣ ጎረቤቴ የማትወደውን ሁሉ አውቃለሁ፤ በየእሑዱ ሳቅድ የኔ ወረፋ ደርሶ ግን አያውቅም። እሳቸውም እጃቸውን ከሳህኑ ሰበሰቡ።

«የሷን ሳልጠይቃት ሞተችብኝ» አሉ። «ያን ሁሉ ዘመን ከአንድ ሳህን በልተን፣ ምን እንደምትወድ አላውቅም። ያንቺን ንገሪኝ።»

ዱባ ወጥ አልኳቸው። ልጅ ሳለሁ እወድ ነበር፤ ባሌ ስለማይወደው ከተጋባን ወዲህ ሠርቼው አላውቅም። ምግባቸውን ቀጠሉ።

በገበያው ቀን ሱቄ ውስጥ ቆሜ ዕቃ ስመዝን፣ ከገበያ በሚመለሰው ሰው መሃል ረጅም ሽማግሌ አየሁ። በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በትከሻቸው ደግሞ በጋቢ የታዘለ ትልቅ ዱባ። እስከ ግቢው በር መሄድ ያቅታቸው የነበሩት ሰውዬ! ጥቂት ይራመዳሉ፣ መንገዱ ዳር ቆመው ያርፋሉ፣ እንደገና ይራመዳሉ። ሮጬ ወጣሁና ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ተይኝ» አሉኝ፣ ዱባውን ወደ ትከሻቸው ከፍ እያደረጉ። «ለሷ አንድም ቀን እንዲህ ተሸክሜላት አላውቅም።»

ሱቁን ዘግቼ ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ።