ለሚስተር ሉካስ የዘገየው መርዶ

ሚስተር ሉካስ ቤልጅየም ተወልደው፣ ገና በሃያ ዓመታቸው ጃዝ ፒያኖ ይዘው አውሮፓን በየክለቡ ያዳረሱ፣ የራሳቸውን ዜማ እየደረሱ አራት ሸክላ ያስቀረጹ ሰው ናቸው። ሚስት ተከትለው ሲያትል መጡ። ሚስቲቱ ሞተች፣ ክለቦቹም ተዘጉ፤ እሳቸው ሆቴል ውስጥ እራት ለሚበላ ሰው ሲጫወቱ አረጁ። ማን ቀና ብሎ ሊያያቸው! አሁን ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የቀራቸው አንድ ፒያኖ፣ አንድ ጓደኛና አስታማሚያቸው ሠርካለም ብቻ ናቸው።

ሠርካለም ጠዋት እሳቸውን፣ ከሰዓት ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ ያለውን የሆቴል አንሶላ ትይዛለች። ደከመኝ ለማለት እንኳ ጊዜ የላትም።

ጓደኛቸው ፒተር በአውሮፓ ክለቦች ድራም ይመታላቸው የነበረ ሰው ነው፤ እዚያው ቤልጅየም ቀርቷል። እሑድ እሑድ በስልክ ያወራሉ። ሰሞኑን ሚስተር ሉካስ አዲስ ዜማ እየደረሱ ነው። መሃል ላይ እጃቸውን ያነሡና ዝም ይላሉ። «እዚህ ጋ የፒተር ተራ ነው» ይሏታል።

ማክሰኞ ጠዋት፣ እሳቸው ሳይነሡ ስልኩ ጮኸ። የፒተር ልጅ ናት። አባቷ ሞቷል፤ ቀብሩ ዓርብ ነው። «እባክሽ ንገሪያቸውና ኮል ያድርጉልኝ» አለች። ሠርካለምም ኦኬ አለች፤ ኦኬ ማለት ምን ይገዳል!

ግን መርዶ እንዲህ ይነገራል እንዴ? የእናቷን ሞት የነገሯት በስልክ ነበር፣ መኪና ፓርክ እያደረገች ሳለ። ብቻዋን አስፋልት ላይ ወደቀች፤ የሚያነሣት ሰው አልነበረም። ያን ቀን፣ ጠላቴም እንዲህ መርዶ አይስማ ብላለች።

ሶ መርዶውን ደበቀች። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ የእድሯ ሴቶች ደግሞ ከሥራ የሚያርፉት ቅዳሜ ነው። ቁርስ ስታቀርብላቸው ዓይናቸውን ማየት ፈራች። እሳቸው እቴ፣ ደስ ብሏቸው ይጫወታሉ! «እሑድ ለፒተር አሰማዋለሁ» ሲሉ ኩሽና ገብታ አለቀሰች።

ቅዳሜ ሲነጋጋ የእድሯን ሴቶች ሚርያምንና ሃሌሉያን ከሚኖሩበት ከማውንትሌክ ቴራስ ይዛ መጣች። ሽማግሌው በፒጃማ ወጥተው ሦስት ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ ነጠላ አዘቅዝቀው ሶፋቸው ላይ ተደርድረው ሲያዩ ክው አሉ።

«ማን ሞተ?»

«ፒተር» አለች ሠርካለም። ሴቶቹ ግራ ቀኝ ክንዳቸውን ያዙ።

አልወደቁም። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ትናንት ነበር።»

«አንቺስ መቼ ሰማሽ?»

«ማክሰኞ።»

«ቀድሞ ለሞተው፣ የቀረው ቀብሩ ላይ ሊጫወትለት ተማምለን ነበር» አሉ። «በስልክም ቢሆን።»

ሠርካለም ጉልበቷ ከዳት። እሳቸውን ሊደግፉ የመጡት ሴቶች እሷን ያዙ።

ሚስተር ሉካስ ፒያኖው ጋ ሄደው ያንን ዜማ ጀመሩ። መሃሉ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሡ። ሠርካለም ይቅርታ ልትላቸው አፏን ስትከፍት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ መዳፋቸውን ወደ እሷ ዘረጉ።

«ዝም በይ» አሉ። «የእሱ ተራ ነው።»