ከዙሁር እስከ አሱር የሚቆይ ስትሮ

ይህን የምጽፈው፣ ነገሩ በባሕር ዳር ከአፍ አፍ ሲተላለፍ በእውነት ከሆነው እጅግ ስለ ራቀ ነው። አንዳንዱ አክስቴ እንግዶቿን አሳመመች ይላል፤ ሌላው ደግሞ እኔ በሙስሊም ሠርግ ቅዳሴ ላስገባ አስቤ እንደ ነበር ይናገራል። ሁለቱም ሐሰት ነው። የሆነው ከዚህ ሁሉ ያነሰ ስለ ሆነ፣ በልኩ ተጽፎ ይቀመጥ ብዬ ነው።

አክስቴ በጣና ዳር፣ ታንኳዎች ማገዶ ከሚያራግፉበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት መጠጥ ቤት ነበረቻት። መጠጥ ስል ጠላና አረቄ ማለቴ አይደለም፤ የሎሚ ውሃ፣ የማንጎ ጭማቂና ብርዝ ነው። በዚያ ዘመን ስኳር በቀበሌ በኩል በራሽን ይታደል ስለ ነበር፣ ከሁሉ የሚያስተማምነው ብርዙ ነበር፤ ማሩን የጎጃም ገበሬ ቀበሌን ሳያስፈቅድ ያመጣዋልና።

ደንበኞቿ አብዛኛዎቹ የፔዳ፣ የመምህራን ኮሌጁ፣ ተማሪዎች ነበሩ። ለሁለት አንድ ብርጭቆ ያዝዛሉ፤ ከዚያም ፀሐይ በሐይቁ ማዶ እስክትጠልቅ ድረስ በዚያችው ብርጭቆ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ዓለም ጭቁኖች ይወያያሉ። አክስቴ በአጠገባቸው ባለፈች ቁጥር፣ "የዓለም ጭቁንስ እኔ ነኝ" ትላቸው ነበር። ይስቃሉ እንጂ ሁለተኛ ብርጭቆ አያዝዙም።

በዚህ አኳኋን ቤቱ ክረምትን ሊሻገር አይችልም ነበር። ሁኔታው ካልተለወጠ፣ አክስቴ ቤቱን ዘግታ በከተማው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኞች መመገቢያ ድስት አጣቢ ሆና ልትቀጠር ነበር። "በሰው ድስት እጄን ከማርጠብ በራሴ ብርጭቆ ብከስር ይሻለኛል" ትላለች፤ ነገር ግን ኪሳራውም ቢሆን ማለቂያ እንዳለው ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ተስፋ ይዘው የመጡት አንዲት እመቤት ናቸው። በከተማው ጨርቅ ከሚነግዱት ሙስሊሞች የአንዱ ባለቤት ሲሆኑ፣ የመጨረሻ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ተዘጋጅተው ነበር። ለእንዲህ ያለው ሠርግ መጠጡ ሁሉ ብርዝና ጭማቂ ነው፤ ዘመዱ ደግሞ ከወረታና ከሐይቁ ዙሪያ ከተሞች ሁሉ ይመጣል። በዚያ ቤት ብርዟ የተመሰገነላት ሴት ከዚያ ወዲያ ሥራ አትፈታም። እመቤቲቱ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ መጥተው ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ብርዙን ቀመሱና ብርጭቆውን እያዞሩ አዩት።

"እንዴት ነው እትዬ?" አለች አክስቴ።

"ብርዙስ ብርዝ ነው። እኔን የቸገረኝ መጠጫው ነው።"

ነገሩን አብራሩልን። ድሬዳዋ፣ በእኅታቸው ልጅ ሠርግ ላይ፣ ሴቶቹ በወረቀት ስትሮ ሲጠጡ አይተዋል። ቀሚሳቸው ላይ ጠብ አያደርጉም፤ የከንፈር ቀለማቸውም አይነካም። ይህ ሥርዓት ባሕር ዳርም እንዲገባ ፈለጉ። ይሁን እንጂ ቀደም ሲል በአንድ ጎረቤት ሠርግ የቀረበው ስትሮ ብርጭቆ ውስጥ ሟሙቶ፣ አንዲት አሮጊት ከጥርሳቸው ወረቀት ሲለቅሙ ማምሸታቸውን አልረሱትም።

"የኛ ሴቶች የቀትሩን ዙሁር ሰግደው ይቀመጣሉ፤ የሚነሡት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለአሱር ሰላት ነው" አሉ። "እስከዚያ ብርጭቆው ከእጃቸው አይወርድ፣ ወሬው ካፋቸው አይወርድ። ከዙሁር እስከ አሱር የሚቆይ ስትሮ ካመጣሽ ሠርጉ ያንቺ ነው።"

"ከሸምበቆ ብንቆርጥስ?" አልሁ።

ዘወር ብለው አዩኝ። "ስትሮ ነው ያልሁህ ልጄ፣ ዋሽንት አይደለም።"

ስትሮውን የማግኘቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። አክስቴ በንባቤ ላይ የነበራት እምነት ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ፌዝ ስለ ነበር፣ ስትጠራኝም "የኔታ" እያለች ነበር።

"ይህን ሁሉ መጽሐፍ የቆለልኸው ለዚህ ቀን ነው፤ ተነሣ የኔታ" አለችኝ።

"በሚገባ አጠናዋለሁ። እርስዎ ብቻ ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ" አልኋት።

"እርስዎ አትበለኝ፤ ሠርጉ ሳይደርስ አታስረጀኝ።"

በመጀመሪያ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ ነጭ ስትሮ ፈተንን። ቀጭንና ለዓይን የሚያምር ነበር። ብርዝ ውስጥ አቁመነው ሳለ አንድ የዳንግላ ሰው ደረሰና አክስቴን ሰላም ይላት ጀመር። ጤናዋን ጠይቆ፣ የዘመዶቿን ጠይቆ፣ ወደ ከብቱና ወደ ዝናቡ ሳይሻገር ስትሮው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። አክስቴ እንግዳውን ከሸኘች በኋላ፣ "ይህ የተሠራው ለአዲስ አበባ ሰላምታ ነው" አለች።

ሁለተኛው የእኔው አሳብ ነበር። ከአብዮት በዓል ማስጌጫ የተረፈ ወፍራም ቀይ ወረቀት ከጓደኛዬ አግኝቼ፣ በእርሳስ ላይ እየጠቀለልሁ በዱቄት ሙጫ አጣበቅሁት። ጥንካሬው አላሳፈረኝም። ይሁን እንጂ ቀለሙ ለቀቀና የሎሚው ውሃ ቀስ በቀስ እየቀላ ሄደ። አክስቴ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥታ መረመረችው።

"እንኳን ደስ ያለህ፤ ሎሚው ፓርቲ ገባ።"

ይህን ተናግራ ወደ በሩ ተመለከተችና መጠጡን ሐይቁ ውስጥ ደፋችው። ስለ ቀዩ ወረቀት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሦስተኛው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው። ከረጢቱ ንብርብር በመሆኑ፣ ሲሚንቶ ያልነካውን የመካከሉን ብቻ መርጠን ወሰድን። አክስቴ፣ "ልታጠጣቸው ነው ወይስ ልትገነባቸው?" አለችኝ፤ ሆኖም ወረቀቱን በጣቷ ስትፈትነው ወደደችው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር፦ ውሃ ሲጠግብ ከአፉ በኩል ይፈታል። ሰም ውሃን እንደሚከለክል አንብቤ ስለ ነበር፣ ሰም እናልብሰው አልሁ። ሰሙን ያገኘችው እሷ ናት። በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ጧፍ ከሚሸጡ አንዲት መነኩሲት ዘንድ የጧፍ ትራፊ ገዝታ መጣች። በድስት አቀለጥነው፤ በጨርቅ አጠለልነው፤ ስትሮዎቹን እየነከርን በገመድ ላይ ሰቀልናቸው፤ የሐይቁ ነፋስም አደረቃቸው።

በማግስቱ ከመስጊዱ የዙሁር አዛን ሲሰማ አንዱን ብርዝ ውስጥ አቆምሁና ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ማንበብ ያዝሁ። የአሱር አዛን ሲሰማ ስትሮው እንደ ዘብ ቆሞ ነበር። የፔዳ ተማሪዎች ሳይቀሩ መጥተው ከበቡት።

"በአንድ ብርጭቆ ከእኛ ይልቅ ቆየ" አለ አንደኛው።

"እሱ እንኳ ወንበር አልያዘብኝም" አለችው አክስቴ።

እመቤቲቱ ከሁለት እኅቶቻቸው ጋር ለመጨረሻው ቅምሻ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። አክስቴ ከማሩ ምርጡን በጥብጣ፣ በየብርጭቆው አንዳንድ ስትሮ አቁማ አቀረበች። ሦስቱም ሲገቡ ስለ ሙሽራዋ ልብስና ስለ ጌጧ እየተሻሙ ያወሩ ነበር። ጠጡ። ጥቂት ቆይቶ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ታናሽየዋ ያለ ምክንያት ባለፈው ስለ ሞቱት የሰፈራችን ሽማግሌ አነሡ። መካከለኛዋ፣ "ልጆቻቸውስ እንዴት ሆኑ?" አሉ። ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ሟች፣ ከዚያም ወደ ሌላ ተሻገረ። አክስቴ ማሰሮውን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች።

በመጨረሻ እመቤቲቱ ስትሮውን ከብርጭቆው አወጡና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

"ምንድን ነው የተቀባው?"

"ሰም ነው፤ ንጹሕ የንብ ሰም" አልሁ።

"የንብ መሆኑንማ መች አጣሁት። ከየት የመጣ ነው?"

"ከጧፍ" አለች አክስቴ።

እመቤቲቱ በአጭሩ ሳቁ። "ይኸው ነዋ። እኔ ስንት የክርስቲያን ጎረቤት የሸኘሁ ይመስልሻል? ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ደጃፍ ቆሜ አስከሬን የምጠብቀው በዚህ ሽታ ነው። ያንቺን እናት የቀበርን ዕለትም እንደዚሁ ነበር።"

"ለእኛ እኮ ምንም አይሸትም" አለች አክስቴ።

እውነቷን ነበር። እኔም አንዱን አንሥቼ አሸተትሁት፤ ወረቀትና ጥቂት የማር ጠረን እንጂ ሌላ አላገኘሁበትም። ከክርስትናችን ዕለት ጀምሮ በልብሳችን ላይ የኖረውን ሽታ ማሽተት የሚችል አፍንጫ ከሁለታችን አንዳችንም አልነበረንም።

"አዎ፣ ለእናንተ አይሸትም" አሉ እመቤቲቱ በለዘብታ። "ለእናንተ የሰንበት ነው፤ ለእኔ የለቅሶ። ስትሮው ጎበዝ ነው፤ እኔንም ቀብሮኝ ይኖራል። እኔ ግን ልጄን ልድር ነው።"

"ያለ ስትሮ ላቅርበው" አለች አክስቴ። ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ልመና ለመደበቅ ማሰሮውን ታወዛውዝ ነበር።

"ብርዝሽን በስትሮው ጠጥቼዋለሁ እኮ እኅቴ። አሁን ሳስበውም የሚመጣብኝ ያ ሽታ ነው፤ እነዚህም ቀምሰዋል። ሠርግ ላይ አንዷ ፊቷን ካጨለመች ሁሉም ያጨልማሉ፤ ለሙሽራ ገድ አይሆንም።"

ሊከፍሉ ሲሉ አክስቴ እምቢ አለች፤ ተሳሳሙ፤ ሁለቱም ዓይናቸው እርጥብ ነበር። እመቤቲቱ ሲወጡ አጠገቤ ቆም አሉ።

"ያ መጽሐፍህ ስለ ሽታ ያለው ነገር የለም?"

"የለም" አልሁ።

"እንግዲያ ጎዶሎ ነው፤ ለሸጡልህ መልስላቸው።"

ሠርጉ በተቀጠረው ዕለት ተደረገ። ብርዙ ከጎንደር መጣ፤ ሴቶቹም ስትሮውን ትተው ብርጭቆውን እያነሡ ጠጡ አሉ። የድቤው ድምፅ በሐይቁ ላይ አልፎ እኛ ዘንድ ሲደርስ አክስቴ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። "ጥሩ ይመታሉ" አለችና የሚቀጥለውን ብርጭቆ አነሣች። ክረምቱ ሲገባ ቆርቆሮው ተነቀለ፤ እሷም በፋብሪካው መመገቢያ ሥራ ጀመረች።

የጠፋው፦ አንድ ሠርግ፤ አንድ መጠጥ ቤት፤ አራት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ፤ ሰሙ ያልለቀቀ አንድ ድስት።